የሦስት ረመዳን ዕዳ

ትናንት ማታ አፍጥረን ሳህን ሳጥብ ልጄ ተከትላኝ ማድ ቤት ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችና «እማዬ፣ ነገ አልጾምም መሰለኝ» አለችኝ። ፊቷን ሳየው ገባኝ፤ የወር አበባ አይታለች። ገና 12 ዓመቷ ነው።

«ከማፍጠሪያው አዛን በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ።»

«በይ የዛሬው ጾምሽ አልተበላሸም» አልኳት። ሌላ ምን እንደሚባል አላወቅኩም።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሞጣ ነበርኩ። ቁርአን ቤት የሰማነው «ጾም በ15 ዓመት ግዴታ ይሆናል» የሚል ነው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። በተማርንበት በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም በሕግ ትምህርት ቤቱ፣ ሌላ የጉርምስና ምልክት ሳይታይ የቆየ ልጅ 15 ሲሞላው ባሊግ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ይባላል። የወር አበባ ያየች ልጅ ግን በ12ም ይሁን በ13 ጾም ግዴታ የሚሆንባት ከዚያው ጀምሮ ነው። ይህን ማን ይንገረን? ኡስታዙ ያፍራል፣ እናት ታፍራለች፣ እኛማ አይነሣ።

የእኔ በ12 ዓመቴ ረመዳን መሐል መጣ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ማዕድ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተነሣሁ፣ ሆዴን ይዤ ዋልኩ፣ አዛን ሲል በቴምር አፈጠርኩ። በሐይድ፣ በወር አበባ ጊዜ፣ መጾም እንደማይፈቀድ፣ የነዚያ ቀናት ቀዷ፣ ኋላ ጾሞ መክፈል፣ እንዳለብኝ የት አውቄ! ንጹሕ ስሆን ደግሞ «15 እስኪሞላኝ ልጅ ነኝ» እያልኩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጓዳ ገብቼ ዳቦ እቆርሳለሁ። መብላት ባለብኝ ቀን ጾሜ፣ መጾም ባለብኝ ቀን በላሁ። ሦስት ረመዳን እንዲህ አለፈ።

ነገሩ የገባኝ ባሕር ዳር ለዩኒቨርሲቲ ስመጣ ነው፤ አንዲት ኡስታዛ ስታስተምር ሰምቼ ደነገጥኩ። ስንት ቀን እንዳለብኝ ጠፋኝ። «ከበቂ በላይ ነው እስክትዪ ድረስ ገምተሽ አውጪ» አለችኝ። 60 አልኩ። ሰኞና ሐሙስ እየጾምኩ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው ጨረስኩ። የክፍል ጓደኛዬ የቢቸና ልጅ ናት። «አንቺ ሰኞና ሐሙስ፣ እኔ ረቡዕና ዓርብ። ማክሰኞ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ትለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የልጄ ታላቅ ወንድም አለ። «15 የምሞላው ሰኔ ላይ ነው» እያለ አንዳንድ ቀን ሊያመልጥ ይሞክራል። የሒጅራ፣ የጨረቃው፣ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፣ ከእኛው ወደ 11 ቀን ያንሳል። ስለዚህ በሒጅራ 15 ዓመቱ የሚሞላው በእኛው ከ14 ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ካልኩሌተር አውጥቼ አሳየሁት። ሞልቶታል! አኮረፈ።

ለልጄ ማስታወሻ ደብተር ሰጠኋት፤ የሚያልፏትን ቀናት እንድትጽፍበት። «ግዴታ የሆነብኝ ቀን ነው የምበላው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ሌሊት ለሱሁር ስነሣ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ማዕዱ ጋ ቀድማኝ ተቀምጣለች።

«ምነው ተነሣሽ? ተኚ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እሱ እንዳይጠረጥር» አለችኝ፣ በአገጯ ወንድሟን እያሳየችኝ።