ያየችውን ያልተናገረችው ተማሪ

የሕሙማን ደኅንነትን በገለጻ ብቻ ማስተማር እንደማይበቃ ስለተረዳን፣ በምሠራበት የማስተማሪያ ሆስፒታል «ስሕተት ፍለጋ» የምንለውን ጨዋታ ጀመርን። በባዶ የሕሙማን ክፍል ውስጥ የማሠልጠኛ አሻንጉሊት እናስተኛና ሆን ብለን ስሕተቶች እናስቀምጣለን፦ በእጁ መለያ ላይ ያለው ስም ከካርዱ ጋር አይገጥምም፤ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት ተጽፎ ሳለ የፔኒሲሊን ወገን የሆነው አምፒሲሊን ታዝዞለታል፤ የሽንት ከረጢቱ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ለመድኃኒት መበጥበጫ በሚሆነው ውኃ መካከልም አንድ የፖታሲየም ክሎራይድ አምፑል (ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ) ተቀላቅሏል። አምፑሎቹ በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ፖታሲየሙም ሳይበረዝ በደም ሥር ከተሰጠ ልብን ሊያቆም ስለሚችል፣ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው።

አንድ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም)፣ ሁለት ኢንተርኖች (በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ የሕክምና ሠልጣኞች) እና አንዲት የነርስ ተማሪ የነበሩበት ቡድን የዕለቱን ከፍተኛ ነጥብ አገኘ፤ አምፑሉ ግን በዝርዝራቸው ውስጥ አልነበረም። ከጨዋታው በኋላ በነበረው ውይይት የመድኃኒት ትሪውን ማን እንዳየው ስጠይቅ፣ ተማሪዋ ከብዙ ማመንታት በኋላ «እኔ አይቼው ነበር፤ ግን ዶክተር ‹ትሪው ላይ ምንም ችግር የለም› ሲሉ ዝም አልኩ» አለች። ሬዚደንቱ ደነገጠ፤ እንደዚያ ማለቱን እንኳ አላስታወሰውም።

ተማሪዋ እውቀት አልጎደላትም፤ በጽሑፍ ፈተና ብንጠይቃት በትክክል እንደምትመልስ አልጠራጠርም። የጎደለው፣ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ቈጥሮ ያደገ ሰው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚናገርበት ፈቃድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና ድርሻቸውን እንዲናገሩ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የታንዛኒያውን ኢፋካራ ጨምሮ በ8 ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ በ2009 ታትሟል። ውጤቱን ያመጣው ስም መናገር ብቻ ነው አልልም፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ግን ሁለተኛውን አይፈራም።

ስለዚህ የጨዋታውን ሕግ ቀየርን። አሁን ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚያነበው በሥልጠና ደረጃው ዝቅተኛ የሆነው አባል ሲሆን፣ ሬዚደንቱ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሬዚደንቱን አስቀድመን እያነጋገርን አንድ የተሳሳተ ነገር በእርግጠኝነት እንዲናገር እናደርጋለን፤ የሚያርመው ሲገኝ ግን በሁሉም ፊት እንዲያመሰግነው አጥብቀን እናሳስበዋለን፤ ተማሪዎቹ ሌላ ጊዜ መናገር አለመናገራቸውን የሚወስኑት ያንን መልስ ሰምተው ነውና።