ፎርሴፕሱ ሲንሸራተት ልጠረጥር ይገባኝ ነበር

ኮንድሮሳርኮማ ከማንቁርት ካንሰሮች ውስጥ ከመቶ አንድ አይሞላም። ከለጋ አጥንት፣ እኛ ካርቲሌጅ ከምንለው፣ ይነሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከክሪኮይድ፣ ማለትም ከማንቁርቱ ግርጌ ካለው ቀለበት መሰል ለጋ አጥንት። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ታካሚው ድምፁ ከጎረነነና ትንፋሹ ማፏጨት ከጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የሚመጣው።

በአንድ ታካሚዬ ላይ በኢንዶስኮፕ ያየሁት ከድምፅ አውታሮች በታች፣ በስተኋላ፣ ቁስልም ደምም የሌለው ለስላሳ ጉብታ ነበር። ከላዩ ሦስት ቁራጭ ወሰድኩ። መልሱ «ጤናማ ሽፋን፣ መለስተኛ ብግነት» ሆኖ መጣ። ደገምኩ፤ ያው። ዕጢው ያለው ከሽፋኑ ሥር ነው፤ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ፎርሴፕሱ፣ ናሙና የምንቆነጥርበት መቆንጠጫ፣ ይንሸራተትበታል። መንሸራተቱ ራሱ ምልክት ነበር። እኔ ግን የጨጓራ አሲድ ነው ብዬ ኦሜፕራዞል አዘዝኩ፤ አራት ወር በከንቱ ሄደ። እስካሁን ያናድደኛል።

በሦስተኛው ሽፋኑን በቢላ ሰንጥቄ ከውስጥ ቆረጥኩ። አሁን ደግሞ ላቦራቶሪው ካልሲየሙን ለማሟሟት አሲድ ውስጥ ከልክ በላይ አቆየው፤ ሴሎቹ ቀለም አልይዝ አሉ። ስለዚህ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ካልሲየም አለው፣ የካርቲሌጅ ዕጢ ይጠረጠራል» ብላችሁ ጻፉ። ናሙናው የሚቀመጥበት ፎርማሊን 10 በመቶ፣ መጠኑም ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። «ኮንድሮማ»፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የካርቲሌጅ ዕጢ፣ የሚል መልስ ቢመጣም አትዘናጉ፤ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ሳርኮማ በትንሽ ቁራጭ ከእሱ አይለይም።

የሪፈር ወረቀቱ መጀመሪያ ባዮፕሲ፣ ማለትም ናሙና ቆርጦ መመርመር፣ ይላል። እኔ መጀመሪያ ሲቲ እላለሁ፤ ቁርጡ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። የክሪኮይድ ጀርባ ተነፍቶ ውስጡ ፈንዲሻ የተበተነበት ከመሰለ፣ ምስሉ ብቻውን ብዙውን ይናገራል። ኤምአርአይ ድንበሩን እንጂ ካልሲየሙን ደህና አያሳይም።

መንገዱ ከጠበበ ታካሚውን በሙሉ ማደንዘዣ አታስተኙ፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዛችሁ መጀመሪያ የአንገት መተንፈሻ ክፈቱ። ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ከሆነ ማንቁርቱን አትርፋችሁ ዕጢውን ማውጣት ይቻላል፤ ሙሉውን ማውጣት የሚመጣው የክሪኮይድ ቀለበት አብዛኛው ሲበላ ወይም ዕጢው ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ሲሆን ነው። ወደ ንፍፊት እምብዛም ስለማይዛመት አንገቱን በሙሉ መጥረግ አያስፈልግም። ለኬሞ ወረፋ ማስያዝ ደግሞ የቤተሰቡን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ ካርዱ ላይ የታካሚውን ብቻ ሳይሆን የልጁንም ስልክ ጻፉ።