ባትሪው ተነቅሏል ወይስ እንደተያያዘ ነው? የኤሌክትሮስታቲክስ ልምምዴ እስካሁን

የኮሌጅ መግቢያ ፊዚክስን ከመጀመሪያው እየከለስኩ ነው። አሁን ኤሌክትሮስታቲክስን አልፌ ካፓሲተር (ትይዩ በሆኑ ሁለት የብረት ፕሌቶች ላይ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ) ላይ ደርሻለሁ። እኔ ያለሁበት ምዕራፍ ላይ ላላችሁ የጠቀመኝን ላካፍላችሁ። ፎርሙላዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ቦታ ይተርፋል። ጭንቅላት የሚያዞረው ጥያቄው ውስጥ የቱ እንደሚቀየርና የቱ ባለበት እንደሚቆይ መለየቱ ነው።

ከኩሎምብ ሕግ ልጀምር። ፈረንሳዊው ኩሎምብ በ1785 በቀጭን ሽቦ ላይ በተንጠለጠለ የሚጠመዘዝ ሚዛን ነው የለካው። በሁለት ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል በቻርጆቹ ብዜት ልክ ይጨምራል፤ በርቀታቸው ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። ቋሚ ቁጥሩ ወደ 9 ቢሊዮን ይጠጋል። ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። እያንዳንዳቸው 1 ኩሎምብ (በስሙ የተጠራው የቻርጅ መለኪያ) የያዙ ሁለት ነገሮች በ1 ሜትር ርቀት ቢቀመጡ በ9 ቢሊዮን ኒውተን ይገፋፋሉ። ጥያቄዎቹ ሁሌ በማይክሮኩሎምብና በናኖኩሎምብ የሚመጡት ለዚህ ነው። መልሳችሁ በቢሊዮን ኒውተን ከወጣ ጊዜ አታጥፉ፤ አንዱ “ማይክሮ” የሆነ መስመር ላይ ተረስቷል።

ሌላው ልማዴ፣ ኃይልና ፊልድ (በ1 ኩሎምብ ላይ የሚያርፈው ኃይል) ስሠራ የቻርጁን ምልክት ፎርሙላው ውስጥ አላስገባም። መጠኑን በፎርሙላ አወጣለሁ፤ አቅጣጫውን ከሥዕሉ አነባለሁ። ፖቴንሻል (ለ1 ኩሎምብ የሚደርሰው ኢነርጂ) ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አቅጣጫ ስለሌለው ምልክቱ የግድ ይገባል። ልዩነቱን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የእኩል ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጆች መሀል ነጥብ ነው። እዚያ ፖቴንሻሉ ዜሮ ነው። ፊልዱ ግን ዜሮ አይደለም፤ እንዲያውም የሁለቱም ፊልድ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክት ይደመራል።

“ፊልዱ ዜሮ የሚሆነው የት ላይ ነው?” የሚለውን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። 4 ማይክሮኩሎምብና 1 ማይክሮኩሎምብ፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ፣ በ30 ሴንቲሜትር ተራርቀዋል እንበል። ነጥቡ በመካከላቸው ነው፤ ከትልቁ 20፣ ከትንሹ 10 ሴንቲሜትር ላይ። አሁን ትንሹን ኔጋቲቭ አድርጉት። በመካከላቸው ያለው ተስፋ አለቀ፤ እዚያ ሁለቱ ፊልዶች ይተጋገዛሉ። ነጥቡ ከትንሹ ወዲያ ማዶ 30 ሴንቲሜትር ላይ ይገኛል። ኳድራቲኩን ከፈታችሁ ሁለተኛ መልስም ይሰጣችኋል፤ ያው የቀድሞው በመካከል ያለው ነጥብ ነው። እዚያ መጠናቸው እኩል ነው፣ አቅጣጫቸው ግን አይቃረንም። አልጀብራው ስለ አቅጣጫ የሚያውቀው ነገር የለም። ቀድሞ የተሳለ ሥዕል ያለው ሰው ይህችን መልስ በአንድ አፍታ ይሰርዛታል።

ወደ ካፓሲተር እንለፍ። መጀመሪያ ስለ ፋራድ ትልቅነት። ፋራድ የካፓሲታንስ፣ ማለትም በ1 ቮልት የሚያዘው ቻርጅ፣ መለኪያ ነው። በመካከላቸው 1 ሚሊሜትር አየር ያለባቸው ሁለት ፕሌቶች 1 ፋራድ እንዲይዙ የእያንዳንዱ ስፋት ወደ 113 ስኩዌር ኪሎሜትር መሆን አለበት። ከተማ ያህላል! ስለዚህ ማይክሮፋራድና ፒኮፋራድ ስታዩ አትገረሙ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ12 ቮልት ባትሪ ቻርጅ ተደርጓል። ቻርጁ 120 ማይክሮኩሎምብ፣ ኢነርጂው 720 ማይክሮጁል ነው። ከዚያ በፕሌቶቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ይደረጋል። ምን ይፈጠራል?

ካልኩሌተር ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ባትሪው ተነቅሏል?

ከተነቀለ ቻርጁ መሄጃ የለውም። 120 እንዳለ 120 ነው። ካፓሲታንሱ ወደ 5 ስለወረደ ቮልቴጁ 24 ይሆናል፤ ኢነርጂው ወደ 1440 ያድጋል። ጭማሪው ከየት መጣ? ከጎተተው እጅ። ፕሌቶቹ ስለሚሳሳቡ እነሱን ማራቅ ሥራ ይጠይቃል። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ባትሪው እንደተያያዘ ከሆነ ግን ባለበት የሚቆየው ቮልቴጁ ነው። ቻርጁ ወደ 60 ይወርዳል፤ ኢነርጂውም ወደ 360። ቆይ፣ እዚህ ጋ ቁሙ። አሁንም እጅ እየጎተተ ነው፤ አሁንም ሥራ እየገባ ነው። ታዲያ ኢነርጂው እንዴት ይቀንሳል? ቁርጥ ያለውን ሒሳብ እስክሠራው ድረስ ይህ ነገር አላስተኛ ብሎኝ ነበር። ከካፓሲተሩ የወጣው 60 ማይክሮኩሎምብ ወደ ባትሪው ተመልሷል፤ ያም በ12 ቮልት ሲባዛ 720 ማይክሮጁል ነው። ከካፓሲተሩ የጎደለው 360፣ እጁ የሠራው 360፤ ድምሩ 720። ሁሉም ባትሪው ውስጥ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር ከምዕራፉ ሁሉ የወደድኩት ሒሳብ ይሄ ነው። ባትሪን እንደ ሰጪ ብቻ ማየት ለምዶብን ነው እንጂ መቀበልም ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ። ያንኑ በ12 ቮልት የተሞላ ካፓሲተር ከባትሪው ነቅላችሁ፣ ምንም ካልያዘ እኩያው ጋር አገናኙት። ቻርጁ 60 በ60 ይካፈላል፣ ቮልቴጁ 6 ይሆናል። ኢነርጂው ሁለቱ ተደምረው 360 ነው። ግማሹ የለም። ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ፣ ከፊሉም ምናልባት ብልጭታ ሆኖ ወጥቷል። የሚገርመው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብትቀንሱትም ብትጨምሩትም የሚጠፋው ያው ግማሹ መሆኑ ነው፤ የሚለወጠው የሚፈጅበት ጊዜ ብቻ ነው። “ኢነርጂ አይጠፋም” ብሎ በጭፍን ቀመሩን ለሚያስኬድ ሰው ይህ ጥያቄ ወጥመድ ነው። እዚህ ተጠብቆ የሚቆየው ቻርጁ ነው።

ሲሪየስና ፓራለል (በተከታታይና ጎን ለጎን ማያያዝ) ላይ ብዙ አልቆየሁም። የመደመሪያ ደንባቸው ከሬዚስተር የተገለበጠ መሆኑን ካወቃችሁ በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ 3 እና 6 ማይክሮፋራድ በሲሪየስ ሆነው 12 ቮልት ሲሰጣቸው ትንሹ 8 ቮልት፣ ትልቁ 4 ቮልት ይወስዳል። ሁለቱም የያዙት ቻርጅ አንድ ስለሆነ (24 ማይክሮኩሎምብ) ካፓሲታንሱ ያነሰው ላይ ቮልቴጁ ይበዛል። ካፓሲተር ላይ የሚጻፈው የቮልት ጣሪያ ያለምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ አደጋ ላይ የሚወድቀው ትንሹ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዳይኤሌክትሪክ (በፕሌቶቹ መካከል የሚገባ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቁስ) ላይ ነኝ። የፕሌቶቹን ክፍተት ግማሽ የሚሞላ ቋሚ ቁጥሩ (ክፍተቱን ሙሉ ቢሞላ ካፓሲታንሱን የሚያባዛበት ቁጥር) 3 የሆነ ቁስ አለ እንበል። የስፋቱን ግማሽ በሙሉ ውፍረት ከሸፈነ እንደ ፓራለል ይቆጠራል፤ ካፓሲታንሱ 2 እጥፍ ይሆናል። ሙሉውን ስፋት በግማሽ ውፍረት ከሸፈነ ደግሞ እንደ ሲሪየስ ነው፤ 1.5 እጥፍ ብቻ። የቁሱ መጠን ያው ነው፣ አቀማመጡ ነው መልሱን የለወጠው።

የቀጣዩ ልምምዴ ጥያቄ ይህ ነው፤ እናንተም ሞክሩት። ባትሪው ተነቅሎ ሳለ ዳይኤሌክትሪክ ሲገባ የካፓሲተሩ ኢነርጂ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቁሱ ወደ ውስጥ ይሳባል ማለት አያስቸግርም። ባትሪው ተያይዞ ሳለ ግን ኢነርጂው ይጨምራል፤ ቁሱ ያኔም ወደ ውስጥ ይሳባል። ለምን? ባትሪውን ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።