ምጣድ፣ አባ ኮዳ እና «ዝርዝር የለኝም»

ባለፈው እዚሁ ሐዋሳ አንድ ትንሽዬ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተመዘገብን፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ፣ ካሜራ ያለው የለም ሁላችንም በስልክ ነን። አካሄዱ እንዲህ ነው፣ አርብ ማታ ተመልካቹ ፊልሙ ውስጥ የግድ መግባት ያለበትን ነገር እየጮኸ ይመርጣል፣ አንተ ቅዳሜ 11 ሰዓት የ3 ደቂቃ ፊልም ታስረክባለህ፣ ማታ ለዛው ሰው ይታያል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ የተጀመረው የ48 ሰዓቱ ውድድርም ገፀ ባህሪ፣ ዕቃና አንድ ንግግር ሰጥቶ ነው የሚለቅህ፣ ግን እዛ የሚሰጥህ አዘጋጁ ነው። እዚህ ሕዝቡ ነው፣ ሕዝብ ደግሞ አያዝንልህም።

ከኋላ አንዲት እናት «ምጣድ!» አሉ። አንድ ህፃን «አባ ኮዳ!» አለ፣ ያንን ሐይቁ ዳር የሚዞረውን ትልቅ ወፍ። ንግግሩ «ዝርዝር የለኝም» ሆነ፣ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ነው እጁን ያወጣለት።

ሌሊቱን ስንጨቃጨቅ አድረን ታሪኩ እንዲህ ሆነ፦ ሴትየዋ አዲስ ምጣድ ገዝታ በባጃጅ ስትሄድ 200 ብር ትሰጣለች፣ ዝርዝር የለም፣ ፍለጋው ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ያደርሳቸዋል። በጠዋት እዛ ሄድን። አባ ኮዳ ትወና አይለመንም፣ ዓሳ የሚያፀዱት ልጆች ጋ አንድ ጭንቅላት ብቻ ሲወረወር ሦስቱ ያንን የአንገት ከረጢታቸውን እያወዛወዙ መጡ፣ አንደኛው ቀጥ ብሎ ምጣዱ ጋ ሄዶ እንጀራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ቁልቁል አየው። በቃ፣ ከዚህ በላይ አክተር የት ይገኛል?

ሹፌሩ ነው ያስቸገረን። ካሜራ ሲያይ ዜና አንባቢ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሳንነግረው ስልኩን ከፍተን ተሳፈርንና ጓደኛችን ስትወርድ የምሯን 200 ብር ዘረጋችለት፣ «ኧረ እህቴ በጠዋቱ! ዝርዝር የለኝም አልኩሽ እኮ!» አለ ከአንጀቱ። እሱን ነው የተጠቀምነው፣ በኋላ አሳይተነው ይቅርታ ጠይቀን ፈቀደልን፣ ሂሳቡንም ጨምረን ከፈልን። ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ተነስቶ ድምፁን በላብን፣ ስልኩን ካልሲ አልብሰንም አልሆነም፣ ቤት ገብተን ጋቢ ተከናንበን እንደገና ቀዳን። ያናደደኝ ግን ሰዓቱ ነው፣ ፀሐይ በሐይቁ በኩል የምትጠልቅበት ከተማ ውስጥ ሆነህ ጀምበሯን ሳትቀርፅ በ11 ሰዓት ማስረከብ ምን ይባላል? በሷ ፈንታ ቤት ውስጥ ሴትየዋ ምጣዱ ላይ ሊጥ ስታፈስ ጨረስነው።

ማታ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ላሳጥረው። እኛ የኮራንበት አንድ ሾት ነበረን፣ ሴትየዋ ምጣዱ ላይ ሳንቲም ስትቆጥር፣ ዝም ያለ፣ ማንም ልብ አላለውም። ምጣዱ ብቅ ሲል ግን ቤቱ ተናጋ፣ ከጭብጨባው የተነሳ ቀጥሎ ያለው ንግግር አልተሰማም፣ «ዝርዝር የለኝም»ን ደግሞ ከሹፌሩ ቀድመው በአንድ ድምፅ አሉት። ያዘዘ ሰው ያዘዘውን ነው የሚጠብቀው፣ ጉላሽ አዝዞ ሰላጣውን የሚያይ የለም። ምጣዱን በ10ኛው ሰከንድ ማሳየታችን ጥፋት ነበር፣ ለመጨረሻ መደበቅ ነበረብን።

ስንወጣ እኚያ እናት እጄን ያዙኝ። «ልጄ ጎሽ፣ አሪፍ ነው» አሉ፣ «ግን አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ ይፈስበታል እንዴ?»

ጓደኛችን ሌሊቱን ነግራን ነበር። ሦስታችንም ወንዶች አልሰማናትም።