ለገሃር እና ጋራዥ

መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ስለነበር ትናንት ከሜክሲኮ ታክሲ ያዝኩ። ከፊቴ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች። ረዳቱ «ለገሃር ወራጅ አለ?» ሲል ልጅቷ ቀና አለችና «ለገሃር ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። እናትየው «የሰፈር ስም ነው» ብላ አለፈችው። እኔ መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ዝም አልኩ። እስካሁን ስለሚቆጨኝ እዚህ ልጻፈው።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው። እኛ መጨረሻ ላይ የምንለጥፋትን «ው» እነሱ «ላ» ብለው ከፊት ያስቀድሟታል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፣ አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1929 ተመረቀ፤ የባቡሩ ሰዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በፈረንሳይኛ ስለነበር ሰው ከእነሱ አፍ የሰማውን ወስዶ ለራሱ አንደበት እንዲመች አድርጎ ለገሃር አለው።

ብዙ ሰው ኦሮምኛ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፣ ለገጣፎና ለገዳዲም እዚሁ አጠገባችን ናቸው። እኔም ካደግኩ በኋላ እንኳን እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይሄ ነው። «ጋር» የሚለው ቃል ራሱ ባቡር ሳይኖር በፊት የወንዝ ቃል ነበር! ፈረንሳዮች ጀልባ ጥግ ይዞ ሌላውን የሚያሳልፍበትን የወንዝ ዳር ነበር እንደዚያ የሚሉት። ግሡ «ጋሬ» ነው፣ ከመንገድ ገለል አድርጎ ማቆም። ጋራዥም የወጣው ከዚሁ ግሥ ነው። ለገሃርና ጋራዥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አንዱ ጋ መኪናዬን አቁሜ በሌላው በኩል እያለፍኩ ነበር።

ዛሬ የጅቡቲው ባቡር የሚነሳው ከለቡ በኩል ነው። አሮጌው ጣቢያ ዝም ብሏል። ስሙ ግን አልሄደም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም እዚያ ጋ ሲደርስ የሚቆምበት «ለገሃር ጣቢያ» ይባላል። ጣቢያው ጣቢያ እንደማለት ነው።

እናትና ልጅ እዚያው ወረዱ። ልጅቷ አንገቷን ወደ ሕንፃው አዙራ ታያለች፣ እናቷ እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ መንገድ አሻገረቻት።