ያልቦካው የባሕር ውሃ

ደሴ ውስጥ አንድ ሆቴል ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ቧንቧው፣ ጄኔሬተሩ፣ የሚያፈሰው ሻወር፣ ሁሉም የእኔ ነው። እሱ ሳያንስ ባሕር ተጨመረብኝ። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው፣ ዱባይ ሄደው የጨው ውሃ ዓሳ አይተው መጡና 250 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ሪሴፕሽኑ ፊት ለፊት አስቀመጡ። «ሐይቅ እዚሁ አፍንጫችን ስር አይደል፣ ለምን የእዛን ዓሳ አናደርግበትም?» አልኳቸው። «ቆሮሶማ ለጥብስ ነው። እኔ የምፈልገው ያንን ብርቱካናማውን ነው» አሉኝ።

ጨውም ከውጭ መጣ። ባልደረቦቼ «አፋር ጎረቤታችን ሆኖ ጨው በአውሮፕላን!» ብለው ሳቁ። ነገሩ ግን የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ይኼኛው ካልሲየምም ማግኒዚየምም አለው። በሊትር 35 ግራም ሒሳብ ወደ 9 ኪሎ ገደማ በጠበጥኩ። ማሞቂያውን 26 ዲግሪ ላይ አደረግኩት፣ የደሴን ሌሊት መቼም ታውቁታላችሁ። ነጭ ደረቅ ድንጋይ ደርድሬ ፓምፑን አስነሳሁ።

ገንዳውን የሸጠልን የአዲስ አበባ ልጅ በስልክ «ሳይክሉን፣ ማለትም ውሃው ለዓሳ የሚዘጋጅበትን ሂደት፣ ሳይጨርስ ዓሳ እንዳታስገባ፣ ዓሳ የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ደውልልኝ» ብሎኝ ነበር። እኔም ይህችን ብቻ ያዝኩ።

በ12ኛው ቀን ለካሁ። ውሃውን በትንሿ ቱቦ ቀዳሁ፣ ጠብታውን ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ 5 ደቂቃ ጠበቅኩ። አሞኒያው ቢጫ፣ ዜሮ ማለት ነው። ናይትራይቱ ሰማያዊ፣ እሱም ዜሮ። ናይትሬቱም ዜሮ። ሦስት ዜሮ! ውሃው ደግሞ ጥርት ከማለቱ የተነሳ የለም ያስብላል። «ሐጂ፣ ጨርሷል» አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ።

አምስት ዓሳ መጣ። ሁለት ቀን ሪሴፕሽኑ ሠርግ ቤት መሰለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ አምስቱም ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ቱቦው አረንጓዴ ሆነ፣ አሞኒያ። የውሃውን ግማሽ ቀየርኩ፣ ግን ለዙህር ሁለቱ ሞቱ፣ በነጋታው አንድም አልተረፈም። ሐጂ አልተቆጡኝም። ዝም አሉ። ወላሂ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ ስተክዝ ዋና ወጥ ሠሪዋ፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ «ውሃውን ምን አበላኸው?» አሉኝ። «ጨው ብቻ» አልኩ። «ታዲያ እርሾ ያልነካው ሊጥ ኩፍ ሳይል ዝም ብሎ ቢያድር ቦካ ይባላል እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

አዲስ አበባ ስደውል ልጁም ያለኝ ይህንኑ ነው። አሞኒያ የሚመጣው ከሚበሰብስ ነገር ወይም ከዓሳው ከራሱ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። እኔ ገንዳው ውስጥ አሞኒያ የሚሆን ምንም አልጨመርኩም፤ ስለዚህ የእኔ ዜሮ የመጨረሻ ሳይሆን ገና ያልተጀመረ ዜሮ ነበር። ያጋለጠኝ ደግሞ ያ ሦስተኛው ዜሮ ነው። ሳይክሉን የጨረሰ ገንዳ ናይትሬት ያሳያል። እኔ ግን በእሱም ተደሰትኩ!

ልጁ ከሚሠራ ገንዳ ያወጣውን፣ ባክቴሪያው የሰፈረበትን የቡጢ ያህል ድንጋይ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከአንድ ብልቃጥ አሞኒየም ክሎራይድ ጋር በአውቶቡስ ላከልኝ። እርሾው መጣ በሉት። ምግቡን ከወጥ ቤት አገኘሁ፣ የአውራ ጣት የምታህል የሐይቅ ቆሮሶ ቁራጭ። በወንፊት ጨርቅ ቋጥሬ ገንዳው ውስጥ ሰቀልኳት። (ሐጂ፣ ቆሮሶም ለሌላ ነገር ይሆናል!) ሽታውን ግን አልነግራችሁም። እንግዳው «ዓሳው የታለ?» ሲል የሪሴፕሽኗ ልጅ «በመንገድ ላይ ነው» ትላለች።

በሳምንቱ አሞኒያው ወጣ። ቀጥሎ ናይትራይቱ ሐምራዊ ሆነና ድርቅ ብሎ ቀረ። መስታወቱ ላይ ቡናማ ነገር ለጠፈ፣ እሱ እንኳን የተለመደ ነው። አሞኒያው ዜሮ የሆነ ቀን ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ቢጫውን አዩ። «እንግዲህ ልደውል?» አሉ። ሐምራዊውን ቱቦ አሳየኋቸው። «አልቦካም፣ ሐጂ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ናይትራይቱም ሰማያዊ ሆነ፣ ናይትሬቱ ግን ቀላ። ያኔም አላመንኩም። ቁራጯን አውጥቼ፣ አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ከብልቃጡ ጨመርኩና በ24 ሰዓቱ ለካሁ። ቢጫ። ሰማያዊ። ባክቴሪያዎቹ ያንን ሁሉ አሞኒያ በአንድ ቀን በልተውታል። ዓሳ ቢገባ የሚያወጣውንም ይችላሉ ማለት ነው። ከድንጋዩ መምጣት ጀምሮ 34 ቀን ሆኖት ነበር። ናይትሬቱን ለመቀነስ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ ሁለት ዓሳ ብቻ አስመጣን።

ሐጂ ቡናቸውን እዚያው ገንዳው ፊት ነው የሚጠጡት አሁን። ትናንት «ሦስተኛውን መቼ ነው የምናስገባው?» አሉኝ፣ እኔ ሳልመልስ እትዬ ከወጥ ቤቱ በር «ቱቦውን ይጠይቁት!» አሏቸው።