ሰባት ክንድ ሠራሁ፣ አንዱም ከእኔ ክንድ ጋር አልገጠመም

ቃል በገባሁት መሠረት የሁለት ወር ሥራዬን ይዤ መጥቻለሁ። ለአዲስ ገቢዎች፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጎረቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት የሞራሌ ቁራጭ እየለመንኩ፣ የየአገሩን የድሮ መለኪያ በልኩ ልጌ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። ባለቤቴ "የዱላ ሱቅ" ትለዋለች።

ነገሩን የጀመረችብኝ ደሴ ያለችው አክስቴ ናት። አቡጀዲ በክንድ በሚሸጥበት ዘመን እናቷ ሰኞ ገበያ ስትወርድ ረጅሙን ወንድሟን አስከትላ ነበር አሉ። ነጋዴው በራሱ ክንድ ሊለካ ሲል "የለም፣ በእሱ ይለካልኝ!" ትላለች። ከዋጋው በፊት በማን ክንድ እንደሚለካ መጨቃጨቅ ነበረባቸው ማለት ነው። ሰምቼ ሳቅሁ፤ ማታ ግን ቤተሰቡን አሰልፌ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ለካሁ። የእኔ 47 ሳንቲም፣ የባለቤቴ 42፣ የወንድሟ 50 ሆነ። ስምንት ክንድ ቢገዛ በእሷና በወንድሟ መካከል 64 ሳንቲም ይለያያል። የአክስቴ እናት ሞኝ አልነበረችም።

ስንዝርና ጋትም ሞከርኩ። ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው ይባላል፤ የእኔ ስንዝር 22 ተኩል ስለሆነ ሁለቱ 45 ብቻ መጡ። ስድስት ጋት ግን (አውራ ጣትን ሳይጨምር አራቱ ጣቶች) 46.8 ሆነና ክንዴን ሊሞላ ለጥቂት ቀረው። የጥንት ግብፆችም ተራ ክንዳቸው ስድስት ጋት ነበር። ለግንባታ የሚጠቀሙበት የንጉሥ ክንድ ግን ሰባት ጋት፣ 52 ሳንቲም ተኩል ግድም ነው። አንድ አገር፣ ሁለት ክንድ።

ወደ አውሮፓ ስሻገር ግራ ገባኝ። የኢጣሊያው "ብራቾ" ትርጉሙ ክንድ ነው። የእንግሊዙ "ኤል"ም መነሻው ክንድ ነው፤ ክርንን "ኤልቦ" የሚሉት ከዚያ ነው። ልኩ ግን ሌላ ነገር! የእንግሊዝ ኤል 114.3 ሳንቲም፣ የስኮትላንድ 94፣ የፍላንደርስ (በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) 68.6። የእንግሊዙን ልጌ ስጨርስ ከትከሻዬ አልፎ እስከ ጣቴ ጫፍ ብዘረጋም አልደረስኩበትም። ስሙ ክንድ ሆኖ ቀረ እንጂ የማንም ክንድ አይደለም። እዚያ የያርድ (91.4 ሳንቲም) አምስት ሩብ አንድ ኤል ይባል ነበር፤ የፍላንደርሱ ደግሞ ሦስት ሩብ ነው። ይኼን ካወቅሁ በኋላ ቁጥሮቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙልኝ።

ከሁሉ ያስደነቀችኝ ቬኒስ ናት። የሱፍ ብራቾ 68.3፣ የሐር ብራቾ 63.9 ሳንቲም። በአንድ ከተማ፣ እንደ ጨርቁ ዓይነት! ቪየናም እንዲሁ ነው፦ በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ዋና በር አጠገብ ሁለት የብረት ዘንጎች ግድግዳው ላይ ተተክለዋል፤ አንዱ የሱፍ ጨርቅ፣ 77.6፣ ሌላው የተልባ እግር ጨርቅ፣ 89.6 ሳንቲም። የተጠራጠረ ሰው ጨርቁን ይዞ ሄዶ ያስተያይ ነበር። እስከዚያ ድረስ የልኩን መለያየት ከቸልታ እቆጥረው ነበር፤ እነዚህ ግን አውቀው የለዩት ነው። ደሴ ገበያ ያልነበረው ልዩ ልዩ ክንድ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተተከለ ክንድ ነው። እዚህ መለኪያው ከሻጩ ጋር ይመጣ፣ ማታ ከሻጩ ጋር ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ውርደቴ። የፍላንደርሱንና የቬኒስን የሱፍ ዱላ ጎን ለጎን ብይዛቸው ልክ እኩል ሆኑ። በደስታ ሰከርኩ። "የሱፍ ነጋዴዎቹ ተስማምተው ነበር!" ብዬ ለጓደኛዬ ሐረጎን እየወጣን ሳለ ደሴ እስክንደርስ አወራሁለት። ቤት ገብቼ መዝገቤን ሳይ 68.6 እና 68.3፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። እንዴት እኩል ሆኑ? የቬኒሱን በጎረቤቴ የብረት ማስመሪያ ነበር የለካሁት፣ የፍላንደርሱን በራሴ ሜትር። የእኔ ሜትር ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ወድቃ ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ በያንዳንዱ ልኬት ሦስት ሚሊ ትሰርቀኛለች። ፍላንደርስን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ እስካሁን "ነጋዴዎቹ እንዴት ናቸው?" ይለኛል።

ምክሬ፦ መንጠቆዋን አትመኗት፤ ከ10 ሳንቲም ምልክት ጀምራችሁ ለኩና በኋላ 10 ቀንሱ። ዱላውን መጀመሪያ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ በሞረድ አድርሱት። ያጠረ እንጨት አይረዝምም።

በመጨረሻው ሳምንት የቀላድ ነገር ገባብኝ። ቀላድ የመሬት መለኪያ ጠፍር ወይም ገመድ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 66 ሜትር ግድም ይገመታል። ጋሻም ወደ 40 ሄክታር ይባላል እንጂ ለም ሲሆን ያንሳል፣ ጠፍ ሲሆን ይሰፋል። እኔን የሳበኝ ግን ጠፍሩ ነው። 3 ሜትር ጠፍር ውሃ ውስጥ አሳድሬ ድንጋይ አንጠልጥዬ ብዘረጋው 3 ሜትር ከ14 ሆነ። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ወደ 2 ሜትር ከ95 ወረደ። ያን ሬሾ ወደ 66 ሜትር ብወስደው በእርጥቡና በደረቁ መካከል አራት ሜትር ያህል ይወጣል። ክረምት ላይ ቀላድ የጣለና በጋ ላይ የጣለ አንድ መሬት ሁለት ልክ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው፤ ያውም የሚጎትተውን ሰው ጉልበት ሳንቆጥር።

ሙከራው አንድ ጠፍር ላይ ብቻ ስለሆነ ልደግመው ነው፤ ሁለተኛውን ከባቲ ገበያ እየጠበቅሁ ነው። ከዚያ ወደ ጃፓን፦ ተራው ሻኩ (የድሮ የርዝመት መለኪያቸው) 30.3፣ የጨርቁ ሻኩ 37.9 ሳንቲም። እነሱም ጨርቅን ለይተውታል። ሁለት አጫጭር ቁራጮች ቀርተውኛል፣ ለእነሱ ይበቃሉ። በዚህ መሀል የሸማኔ መለኪያ ዘንግ ቤቱ ያለው ሰው ካለ ርዝመቱን ይጻፍልኝ፤ በመንጠቆ እንዳይለካ ብቻ።